የሚያነክሰው አዳኝ

ሊምፖፖ፣ ደቡብ አፍሪካ
ሰኔ 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አክስቴ ለወይዘሮ አሳየሽ፣

የሰማይ አምላክ ጤናዎን ያብዛልኝ። ጉልበትዎን፣ የቅቤ ንግድዎን፣ ያችን ተራጋጭ ላምዎንም ጭምር ይባርክልኝ። እኔ ያሳደጉኝ ልጅዎ ጦና በጣም ደህና ነኝ። «በጣም» ያልኩት ለደብዳቤ ወግ ሳይሆን እውነቴን ነው።

ጆሃንስበርግ ያለው የሩት የአጎት ልጅ ቤኒ ዝርዝሩን ነግሮዎታል ብዬ አሳጥራለሁ፤ ያለኝም ወረቀት ይህ አንዱ ነው። ከጆሃንስበርግ ወጥቻለሁ። ዘራፊዎቹ ሽጉጥ ይዘው ሱቃችን ከገቡ ወዲህ ምን ሆኜ እንደነበር ያውቃሉ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ በር በተንኳኳ ቁጥር ጠረጴዛ ሥር እገባ ነበር፤ እንቅልፍ የሚባል ነገር አልነበረኝም። አሁን ያ ሁሉ ቀርቷል። አክስቴ፣ አዳኝ አገኘሁ። ጠራኝ፣ ተከተልኩት። የድሮ ኑሮዬን እዚያው ጥዬ መጣሁ። ከእሱ ጋር መዋል ከጀመርኩ ወዲህ እተኛለሁ፤ እህልም ይወርድልኛል።

ኔትወርክ የምናገኘው ከተማ ስንወጣ ብቻ ነው። ይህን በፎቶ አንሥቼ ለባለሱቁ ለቡርሃን እልከዋለሁ፤ እሱ በወረቀት አውጥቶ ይስጥዎ። በስልክማ ጆሮዎ አልሰማ እያለ፣ እኔ ስጮህ እርስዎ ሲቆጡ ካርዱ ያልቃል።

ሩትን መንገድ ላይ ካገኟት ሰላም ይበሉልኝ፤ አባቷ አጠገቧ ከሌሉ።

ልጅዎ ጦና


ወላይታ ሶዶ
ሐምሌ 5 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለጦና፣

ከክፉ የሚጠብቅህ ጌታ ስሙ ይክበር፤ በሄድክበት ሁሉ ከፊትህ ይቅደም። እኔ በጣም ደህና ነኝ። ላሟም ደህና ናት፤ ስድብህን ነግሬአታለሁ።

ቡርሃን ወረቀቱን ሲሰጠኝ ቅቤዬን መሬት አስቀምጬ እዚያው ሱቁ በር ላይ አነበብኩት። «አዳኝ አገኘሁ» የሚለው ላይ ስደርስ የሩዙ ማዳበሪያ ላይ ዘፍ አልኩ። ቡርሃን ደንግጦ «እትዬ፣ ምን ሆኑ? ጥሩ ሥራ ነው እኮ» ይለኛል። ሥራ! የእስልምና ሰው ነው፣ ይህን ከየት ያውቀዋል ብዬ አለፍኩት። እያለቀስኩ ወንጌላዊ ጩማ ቤት ሮጥኩ።

የሩት አባት፣ እኚሁ ወንጌላዊ፣ ምን ሲሉህ እንደነበር አልረሳህም። «ቤተ ክርስቲያን የተወ ልጅ ልጄን አያገኝም፤ በስልክም አያገኛትም» ብለው ነበር። እሷም ቃላቸውን ጠብቃ ስልኳን እንደዘጋችብህ አውቃለሁ። አሁን ስማ። እሁድ ጉባኤው ሞልቶ ሳለ ሩት ራሷ ደብዳቤህን ይዛ ወጣች፤ ሽማግሌዎቹ አማርኛው ስለሚያስቸግራቸው ወደ ወላይትኛ እየመለሰች አነበበችው። ሰው ሁሉ አለቀሰ። ወንጌላዊው ለምስጋና ጸሎት ተነሥተው እያለቀሱ ጸለዩ። ሲጨርሱ ወደ እኔ መጡና «እንግዲህ ሽማግሌ ላኪ» አሉኝ። በጆሮዬ ነው የሰማሁት፤ ለዚህስ ሰምቷል።

አሁን ሁሉን አንድ በአንድ ጻፍልኝ። የት አገኘኸው? ምን አለህ? እንዴት አወቅከው? የዚያን ዕለት የተነሣኸው ፎቶ ካለም ላክ። ሌላ ጊዜ ይህን ያንን ላክ እያልኩ አሰለችህ ነበር፤ ዘንድሮ የምፈልገው ፎቶውን ብቻ ነው።

በደስታ ያበደችው አክስትህ አሳየሽ


ሊምፖፖ
መስከረም 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ፣

እንኳን ለዘመን መለወጫችን ለጊፋታ አደረሰዎ። ዘመኑ የጥጋብ ይሁንልዎ፤ ቁርጡም ዳጣውም የተስማማዎ ይሁን። የዘገየሁት ዝናብ ሳይመጣ ሥራ ስለሚበዛብን ነው።

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት፤ ደስታዬና ግራ መጋባቴ ተደባለቁብኝ። እንዲህ ላለ ነገር ጉባኤ ቆሞ ያመሰግናል ብዬ አላሰብኩም። ወንጌላዊ ጩማማ ሲሰሙ ይስቁብኛል ብዬ ነበር። ብቻ ልጃቸውን ከሰጡኝ አልከራከርም! ሩት በአፏ ስሜን ጠርታ አነበበች ሲሉኝ ወረቀቱን ይዤ ከግቢ ወጣሁ፤ ብቻዬን መሆን ፈለግኩ።

ለጠየቁኝ እነሆ። የሰውየውን ስም በአማርኛ ፊደል ብጽፈው የዶሮ ቆሻሻ ማለት ስለሚሆንብኝ ሽማግሌው እያልኩ ልቀጥል። ያገኘሁት ነዳጅ ማደያ ነው። ሻይ ይዤ እጄ ሲንቀጠቀጥ ሻዩ እየፈሰሰ ነበር። ዝም ብሎ አየኝና «ተከተለኝ» አለኝ፤ ሌላ ነገር አልጠየቀኝም። ግራ እግሩን ያነክሳል፤ ጎሽ ረግጦት ነው። ጢሙን ትንባሆ ቢጫ አድርጎታል። ቢራ ይወዳል፣ ሲናደድ አፉ አይጣል ነው፤ ዱር ከገባ ግን አንድ ቃል አይወጣውም።

ጎህ ሳይቀድ ውሃው ዳር ካለች የሣር ጎጆ እንገባለን። እዚያ ዋናው ነገር አለመንቀሳቀስ ነው። ዝንብ ዓይኔ ላይ ብታርፍ አላባርራትም። መጀመሪያ ሰሞን የልቤ ምት ለሽማግሌው የሚሰማው ይመስለኝና አፍር ነበር። እየዋለ ሲያድር ወፎቹ ለመዱን፤ አንዷ ጫማዬ ላይ ቆማ ላባዋን አበጠረች። እሷ እስክትሄድ መተንፈስ ፈራሁ። የዚያን ቀን እጄን ሳየው ጸጥ ብሏል። አክስቴ፣ አለቀስኩ።

ፎቶውን ልኬአለሁ። ግንባሬ ላይ ያለው ደም ነው፤ እንዳይደነግጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለተሳካለት ሰው ሽማግሌው በጣቱ ይቀባዋል፤ የእነሱ ወግ ነው። ከዚያ ዕለት ጀምሮ የእሱ ሰው ሆኛለሁ።

አክባሪ ልጅዎ ጦና


ሶዶ
ጥቅምት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጦና ልጄ፣

የኢየሱስ ደም ይሸፍንህ። ሰላምታዬ ይኸው ነው፤ ለሌላው ጉልበት የለኝም።

ይህ ሰውዬ ማነው? የሚያነክስ አዳኝ! ትንባሆ የሚያጨስ አዳኝ! ቢራ የሚጠጣ፣ የሚሳደብ፣ ሰውን ከነዳጅ ማደያ «ተከተለኝ» ብሎ የሚወስድ! እዚያ አገር ነቢይ ነኝ፣ ክርስቶስ ነኝ የሚል ሞልቷል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ የእኔ ልጅ እጃቸው ላይ ይወድቃል ብዬ ግን አላሰብኩም። ግንባር ላይ ምልክት የሚያደርግ ማን እንደሆነ በራእይ ተጽፏል፤ አንተው ሰንበት ትምህርት ቤት በቃልህ ያልከው ነው። ደግሞ ከጀርባችሁ ቀንዱ የተጠማዘዘ ነገር ተጋድሟል። መሥዋዕት ነው?

ወንጌላዊው «ፎቶው የታለ?» ይሉኛል። የቡርሃን ማሽን ተበላሽቷል አልኩ። በእርጅናዬ አስዋሸኸኝ።

ሱቁ በር ላይ ስንሰቀሰቅ ቡርሃን በርጩማ አመጣልኝና ጠጋ አለ። «እትዬ፣ በሰው ሃይማኖት አልገባም» አለኝ፤ «ግን ይሄ ቃል ጠበቅ አርጎ ነው የሚነበበው። ጫካ ገብቶ አውሬ የሚገድል፣ እሱ አዳኝ።»

«አንተ እንዲህ ብለህ ያነበብከው ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከመጀመሪያው ቀን።»

«ታዲያ ለምን አትነግረኝም?»

«ጥሩ ሥራ ነው አልኩዎት እኮ!»

ወረቀቱን እንደገና አነበብኩት፤ አንዴ አጥብቄ፣ አንዴ አላልቼ። ሁለቱንም ሆኖ ተነበበልኝ። እና ልጄ፣ በአንድ ቃል መልስልኝ። ጠብቆ ነው ወይስ ላልቶ? ላልቶ ከሆነ ያ ሽማግሌ ሐሰተኛ ነውና ዛሬውኑ ሽሽ። ጠብቆ ከሆነ ደግሞ ጉባኤውን ሁሉ ሜዳ ላይ አስቀምጠናል። የላክኋቸው የጋብቻ ሽማግሌዎች ሄደዋል፤ ሩትም የልብስ ጨርቅ መርጣለች። የቱን እንደምመኝ እኔም አላውቅም።

አክስትህ


ሊምፖፖ
ታኅሣሥ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ ለአሳየሽ፣

አምላክ ልብዎን ያረጋጋልኝ፤ ስለ እኔ ያፈሰሱትን እንባ ሁሉ ይቁጠርልዎ።

ጠብቆ ነው።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ቆይቶ ነው፤ ከደረሰኝም በኋላ ብዕር ማንሣት አቃተኝ። መጀመሪያ ስቄ ነበር። ሽማግሌው «ምን ያስቅሃል?» ሲለኝ ላስረዳው ሞከርኩ፤ በእሱ ቋንቋ ሁለቱ ቃላት ስለማይገናኙ አልገባውም። ሩት ጨርቅ መርጣለች የሚለውን መልሼ ሳነብ ሳቄ ቆመ።

ሽማግሌው አውሬ አዳኝ ነው። ግን ጠመንጃ አይዝም፤ የሚያድነው በደጋንና በቀስት ነው። ከሩቅ አገር የሚመጡ ሰዎችን ያስተምራል። እኔ ዱካ እከተላለሁ፣ ሥጋ እበልታለሁ። ሥራ ስንጨርስ ለዒላማ የሣር እስር አቁሞ እኔንም ያለማምደኛል። የተኩስ ድምፅ ያለበት ሥራ ቢሆን ጠረጴዛ ሥር ተመልሼ እገባ ነበር። ደጋን ግን አይጮህም። ክሩን እስከ ጉንጬ ስቤ ስይዝ በዓለም ላይ ሌላ ነገር የለም፤ ያ ሱቅ የለም፣ ሽጉጡ የለም። ከተውኩት ቆየሁ እንጂ ጸሎት እንዲህ ሳይሆን አይቀርም እያልኩ አስባለሁ።

አንድ ነገር ልንገርዎ። ያ ፎቶ ከመነሣቱ በፊት አንድ ጠዋት አጋዘን መጣ፤ ትልቅ ወንድ። ግማሽ አካሉ በሣር ተሸፍኗል። ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ፣ አትልቀቅ ማለቱ ነው። እኔ ተጣደፍኩና ለቀቅኩ። መታሁት፤ ግን ክፉ ቦታ። እየደማ ጫካ ገባ። ሽማግሌው በዚያች እግሩ እያነከሰ ቀኑን ሙሉ ዱካውን አስከተለኝ፤ አንዴም አልተቆጣኝም፤ መቆጣቱ ይሻለኝ ነበር። ስናገኘው በሕይወት ነበር፤ ቀና ብሎ አየኝ። ሽማግሌው ጨረሰው። «ሙሉውን ሳታይ አትልቀቅ» አለኝ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ደጋን አልነካሁም።

አሁን ግራ የተጋባሁት እኔ ነኝ። እዚያ ሱቅ ውስጥ አልቆልኝ ነበር፤ እዚህ ድኜአለሁ። ያዳነኝ ማነው? ሽማግሌው? ዱሩ? ወይስ እርስዎ ሌት ተቀን የሚጠሩት? «ላልቶ አይደለም» ብዬ ለመማል እፈራለሁ። ነው ብዬም መማል አልችልም።

ሩት ታውቃለች? ለወንጌላዊው ይንገሩልኝ። ቢቆጡም እውነታቸውን ነው።

ጦና


ሶዶ
ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለጦና፣

ጌታ ማስተዋሉን ይስጥህ፤ ለእኔም ከተረፈ ይጨምርልኝ።

ወንጌላዊ ጩማ ዘንድ ሄጄ ሁሉን ነገርኳቸው። የሽማግሌውን እግር ሳይቀር። ኋላም «አሳየሽ፣ እኔ መድረክ ላይ ቆሜ አልቅሻለሁ» አሉ። «አሁን ያለቀስኩት ስለ ሚዳቋ ነበር ልበል?» ልስቅ ምንም አልቀረኝም፤ ፊታቸውን ሳይ ግን ነጠላዬን አፌ ላይ ያዝኩ።

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ነገሩ እዚህ ይቅር። ልጁ ይመለስ፤ በጉባኤ ፊት ቆሞ 'አዳኜን አገኘሁ' ይበል። እሱ እንደፈለገ ይበለው፣ ሰው እንደፈለገ ይስማው። ያን ካለ ሠርጉን እኔ ራሴ እባርካለሁ። ካላለ ሽማግሌዎቹ መጡም አልመጡም አንድ ነው» አሉኝ። እኚህ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። እሳቸውም ያወቁት መሰለኝ፤ ዓይኔን አላዩኝም።

ሩት እስከ በር ሸኘችኝ። «እትዬ፣ አባቴ ላይ አይፍረዱ» አለችኝ። «እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ። ከመጀመሪያው አውቄአለሁ።»

«ምኑን?»

«ቤኒ ነግሮኝ ነበር። ጦና አውሬ ከሚያድን ሰውዬ ጋር ገጠር ገባ፣ ለአክስቱ ንገሪ አለኝ። ሳልነግርዎት እርስዎ እያለቀሱ መጡ። አባቴም አለቀሰ። እንዴት አድርጌ...»

ያን ጊዜ ነው የበራልኝ። በአማርኛ የሁለቱ አጻጻፍ አንድ ነው፤ እኔ አሮጊቷ ብሳሳት ይቅር ይባልልኛል። በወላይትኛ ግን አውሬ የሚያድነውና ነፍስ የሚያድነው ጨርሶ አይመሳሰሉም። ልጅቷ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቆማ መምረጥ ነበረባት፤ አንተን የሚያመጣላትን መረጠች። ልመታት እጄን አነሣሁ፤ አቅፌያት አለቀስኩ።

ምክሬን ከፈለግክ በለው። አንድ ቃል ነው። በልብህ አጥብቀው፣ በአፍህ አላላው፣ ሩትንም ይዘህ ውጣ። እግዚአብሔር የእኔን እንባ አይቶ ያልፍልሃል። ይህን ስጽፍ ያፈርኩ ይመስለኛል፤ ቢሆንም አልሰርዘውም።

አሳየሽ


ሊምፖፖ
መጋቢት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አክስቴ፣

ሰላምዎ ይብዛ፤ በእኔ ምክንያት ያጡትም እንቅልፍ ይመለስልዎ።

ምክርዎን ለብዙ ጊዜ ይዤው ቆየሁ። ሥጋ እየበለትኩ፣ አጥር እያጠርኩ፣ ውሃው ዳር እየተቀመጥኩ በአፌ ሞከርኩት። አላልቼ ስለው ደስ ይለኛል፤ የልጅነቴን መዝሙር ያስታውሰኛል። ግን አልችልም። አጋዘኑን ካቆሰልኩ ወዲህ በሣር ውስጥ የሚንቀሳቀሰውን ሙሉ ሳላይ አልለቅም። ይህ ቃል ውስጤ ሲንቀሳቀስ ይሰማኛል፤ ምን እንደሆነ ግን ገና አላየሁትም። ያየሁት ቀን ማንም ሳያዘኝ እለዋለሁ። ሩትን ለማግኘት ብዬ ብለው፣ የማቆስለው ሁላችንንም ይመስለኛል፤ እሷንም ጭምር።

ሩት ስለ እኔ ብላ ያደረገችውን ከደብዳቤዎ ላይ ደጋግሜ አነባለሁ። እንዲህ የፈለገኝ ሰው በሕይወቴ የለም፤ ከእርስዎ በቀር። ይህን ልኬ ላጣት እንደምችል አውቃለሁ። እጄ ዛሬ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤ ጽሑፌ የተበላሸው ለዚያ ነው።

ደብዳቤዬን እንዳለ ለእሷ ይስጧት። ለአባቷ ማሳየት አለማሳየቱን እሷ ትወስን።

ልጅዎ ጦና


ሶዶ
ሚያዝያ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለጦና፣

ሞትን ያሸነፈው ጌታ በያለህበት ያግኝህ። እኔ ጤና ነኝ፤ አንተ ግን ቁጭ ብለህ አንብበው።

ደብዳቤህን ከቀድሞዎቹ ጋር ለሩት ሰጠኋት። አንብባ አጠፈችው። እሁድ የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ ብድግ ብላ ወጣች። በእጇ ሁሉንም ደብዳቤዎችህን ይዛለች። «ባለፈው ክረምት አንድ ቃል በስህተት መልሼላችሁ ነበር» አለች። «ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። እንዲመጣልኝ ስለፈለግኩ ነው።» ይህን በወላይትኛ ነው የተናገረችው፤ አልገባኝም የሚል ሰው እንዳይኖር። ከዚያ አንድ በአንድ አነበበችላቸው። ነዳጅ ማደያውን፣ ወፏን፣ ደሙን፣ አጋዘኑን፣ «ገና አላየሁትም» ያልከውንም።

መጀመሪያ አንዱ ሳቀ፣ ቀጥሎ ብዙ ሰው። ከኋላ አንዲት አሮጊት «አጋዘኑስ ሞተ?» ብላ ጮኸች። ወንጌላዊ ጩማ ግን ተነሥተው ወጡ። እኔ መሬት በዋጠኝ እያልኩ ተከተልኳቸው። አጥሩ ሥር ቆመው አገኘኋቸው።

«ልጄ በሰው ፊት አዋረደችኝ» አሉ።

«አዎ» አልኳቸው። ምን እላለሁ?

«ልጁ ይተኛል አልሽ?»

«ይተኛል። ይበላል። እጁም ከስንት አንዴ ካልሆነ አይንቀጠቀጥም።»

«እንግዲያው ያመሰገንኩትን ምስጋና መልሼ አልቀበልም» አሉ። «መድረክ ላይ ምንም እንዲል አልጠይቀውም። ቤቴ ይግባ፤ ሌላውን ቁጭ ብለን እናወራለን። ካልተስማማንም ፊት ለፊት እንጣላ፤ በወረቀት መነጋገር ሰልችቶኛል።» ይህን ብለው ተመልሰው ገቡና ስብከታቸውን ሰበኩ፤ እንደ ወትሮው ረዘመ።

ጉባኤው ውስጥ እስካሁን የሚያኮርፉ አሉ። ሩትን ከመዘምራን አግደዋታል፤ እስከ መቼ እንደሆነ አልነገሯትም። ዓይኗ አብጧል፤ ግን ቀና ብላ ነው የምትሄደው። አሁን ይህን ስጽፍ የቡርሃን ሱቅ ውስጥ አጠገቤ ቆማለች። «ምን ብዬ ልጻፍለት?» አልኳት። መጀመሪያ የእኔ ስም አይገባበት አለች። ቆይታ ብዕሩን ቀማችኝና፣ ጠብቆም ላልቶም ሌላ የማይሆን ቃል ፈልጌአለሁ አለች። እነሆ በእጇ ጽሑፍ፦

ና።